ፎቶውን ከማመን በፊት ሌንሱን መለካት

«የአያቴ ቤት ፎቶ አለኝ። ከሱ ላይ ልኬት ማውጣት ይቻላል?»

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ብዙ ቤት ከተነሳ ወዲህ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። ሰው ስልኩን ይበረብራል፣ አልበም ያወጣል። የልደት ፎቶ ላይ ከልጆቹ ጀርባ መስኮቱ አለ። የሰርግ ፎቶ ላይ የበረንዳው መደገፊያ ይታያል። ቤቱ ራሱ ግን የለም።

ይቻላል። ምን ያህል ልኩን ይገኛል የሚለውን የሚወስነው ግን የፎቶው ጥራት ብቻ አይደለም። ጥርት ያለ ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ አንድን ቤት በግማሽ ሜትር ሊያሳጥረው ይችላል። ጥፋቱም በዓይን አይታይም።

የኔ ሥራ የአዲስ አበባን የድሮ ቤቶች ለክቶ መሳል ነው። የጭቃና የእንጨት ቤቶች፣ ሰፊ በረንዳ ያላቸው፣ የጣሪያቸው ክፈፍ በተጠረበ እንጨት ያጌጠ። ከባልደረባዬ ጋር ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ቱምቢና ሲባጎ ይዘን እንገባለን። እጅ የሚደርስበትን ሁሉ በእጅ እንለካለን፤ በዚህ አልደራደርም። የሚቸግረው እጅ የማይደርስበት ነው። የጣሪያው ጫፍ፣ የፎቁ መስኮት፣ ክፈፉ ላይ የተንጠለጠለው ጌጥ። እንጨቱ በስብሷል፣ መሰላል አይችልም። መወጣጫ ለማቆም ገንዘብ የለም። ላሊበላን የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት በሌዘር ስካነር ለክቶታል፤ እንዲያ ያለ መሣሪያ ሰፈር ውስጥ ላለ የጭቃ ቤት አይመጣም። ስለዚህ ፎቶ እናነሳለን፣ ልኬቱን ከፎቶው እናወጣለን።

ይህ ችግር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 አልብረሽት ማይደንባወር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ የቬትስላርን ካቴድራል ከፍታ ላይ ሆኖ ሲለካ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ በኋላ ሕንጻን በፎቶ መለካት የሚለው ሐሳብ አልለቀው አለ። በ1885 በርሊን ውስጥ ለዚሁ ሥራ የመንግሥት ተቋም እንዲከፈት አደረገ። ካሜራዎቹም ለልኬት ተብለው የተሠሩ ነበሩ፤ ፎካል ርቀታቸው፣ ማለትም ከሌንሱ እስከ ምስሉ ያለው ርቀት፣ የታወቀና የማይለወጥ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካፈረሳቸው ሕንጻዎች የተወሰኑት ሲጠገኑ የሱ የመስታወት ፕሌቶች ትልቅ ውለታ ውለዋል። ይህ የሆነው ፎቶዎቹ ቆንጆ ስለነበሩ አይደለም። ያነሳቸው ካሜራ ጠባዩ የታወቀ ስለነበር ነው።

የኛ ካሜራ ግን ጠባዩ አይታወቅም። ሻጩም አይነግረንም። ራሳችን ማወቅ አለብን።

መጀመሪያ ሌንስ ምን እንደሚያደርግ ልናገር። ሰፊ የሚያይ ሌንስ ጠርዝ ላይ ያለውን ነገር ወደ መሃል ይስባል። ያን ጊዜ በፍሬሙ አናት የሚያልፍ ቀጥ ያለ የጣሪያ መስመር እንደ በርሜል ሆድ ወደ ውጭ ይነፋል። ዙሙን ስታስረዝሙት ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ይሆናል፤ መስመሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ምስሉ አይደበዝዝም። እያንዳንዱ ነገር ጥርት ብሎ ይታያል፣ ግን ያለቦታው ነው። ለዚህ ነው ማንም የማያስተውለው።

በቁጥር እንየው። ካሜራው 6000 በ4000 ፒክስል ነው፣ ዙሙ 18 ሚሊሜትር ላይ ነው እንበል። 12 ሜትር የሚሰፋ የቤት ፊት ከ9 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆነን አነሳን። ቤቱ ፍሬሙን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። መሃል ላይ ያለውን በር በሜትር ለካነውና አንድ ፒክስል 2 ሚሊሜትር መሆኑን አወቅን። አሁን ሌንሱ ጠርዝ ላይ 4 በመቶ ቢስብ፣ ለርካሽ ዙም ሌንስ እንግዳ ቁጥር አይደለም፣ ከመሃል 3000 ፒክስል ርቆ መውደቅ የነበረበት የግድግዳ ማዕዘን 2880 ላይ ይወድቃል። 120 ፒክስል ማለት 24 ሴንቲሜትር ነው። በሁለቱም ጎን ሲሆን 48። የ12 ሜትሩ ቤት 11.52 ሜትር ሆኖ ይሳላል።

የሚያስቸግረው ደግሞ ስህተቱ እኩል አለመሰራጨቱ ነው። ከመሃል እስከ ጠርዝ ግማሽ መንገድ ላይ ያለ ነጥብ የሚሸሸው 15 ፒክስል ወይም 3 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ከመሃል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን መሸሹ ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ቁጥር አባዝቶ ማረም አይቻልም። መሃሉን ስታስተካክሉ ዳሩ ይበላሻል።

ቀመሩ የሚያስፈራ አይደለም። የነጥቡን ከመሃል ርቀት በራሱ ታበዙታላችሁ፣ ከዚያ ኬ1 በሚባለው የሌንሱ ቁጥር፤ የሚወጣው ነጥቡ ከርቀቱ ስንት እጅ እንደሸሸ ነው። ሌንሱ ከባድ ጠማማ ከሆነ ኬ2 እና ኬ3 ይጨመራሉ። ከነዚህ ሌላ ፒ1 እና ፒ2 የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ የሌንሱ መስታወቶች በአንድ መስመር ላይ በትክክል ሳይደረደሩ ሲቀሩ የሚመጣውን መንሸራተት ይይዛሉ። ጀርመን ተወልዶ እንግሊዝ ይሠራ የነበረው ኮንራዲ ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1919 ጽፎበታል። አሜሪካዊው ዱዌን ብራውን ደግሞ በ1966ና በ1971 ባወጣቸው ጽሑፎች ዛሬም የምንሠራበትን መልክ አስያዘው። ቁጥሮቹ የያንዳንዱ ሌንስ የግሉ ናቸው። አንድ ዓይነት ሁለት ሌንስ ብትገዙ ቁጥራቸው ይቀራረባል እንጂ አንድ አይሆንም። ላይትሩም ወይም ሌንስፈን የሚባለው የፎቶ ማረሚያ ሶፍትዌር ከመዝገቡ አውጥቶ የሚሰጣችሁ እርማት ለዚያ የሌንስ ሞዴል የተሠራ ነው። ለሚታይ ፎቶ ይበቃል። ለልኬት እኔ አልተማመንበትም።

«ታዲያ መስመሩ ቀጥ እስኪል በዓይን ማስተካከል አይቻልም?» የሚሉኝ አሉ። ሶፍትዌሩ ላይ የምትጎተት ትንሽ መቆጣጠሪያ አለች፤ ወዲህ ወዲያ ስታደርጓት ጣሪያው ቀጥ ይላል። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ምክንያቴንም ልንገራችሁ።

ሰራተኛ ሰፈር አንድ ቤት ስንለካ ባለቤቷ እማማ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ባልደረባዬ ጥቁርና ነጭ ሰሌዳ ይዞ ሲንጎራደድ፣ እኔ ሳነሳው ሲያዩ «ልጄ፣ ዳማ ነው እንዴ ይዛችሁ የመጣችሁት?» አሉኝ። ሰሌዳው እውነትም ዳማ ይመስላል። «ካሜራዋን እየፈተንናት ነው እማማ፤ ቤቱን አጣማ እንዳታሳየን» አልኳቸው። እሳቸውም ቀና ብለው በረንዳውን የተሸከመውን አግድም እንጨት አሳዩን። «እሱ እኮ የእውነቱን የጎበጠ ነው። ዝናብ ገብቶበት ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤቴ ናቸው ያንን ቋሚ ያስገቡበት።»

ይኸው ነው ነገሩ። የድሮ ቤት መስመር ቀጥ ያለ አይደለም። እንጨቱ ይጎብጣል፣ ግድግዳው ይነፋል፣ መሠረቱ በአንድ ጎን ይሰምጣል። መጉበጡ የቤቱ ታሪክ ነው፤ ጠጋኙም መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው እሱን ነው። ፎቶውን በዓይን ቀጥ ስናደርገው የሌንሱን ጥመት ብቻ ሳይሆን የቤቱንም እናጠፋለን። ከዚያ ሥዕሉ ላይ ደህና ቆሞ የሚታይ፣ በመሬት ላይ ግን የሌለ ቤት እናገኛለን። የሌንሱን ድርሻ ለብቻው ለክተን ስንቀንስ ግን የሚቀረው ጥመት የቤቱ ነው። የእማማ እንጨት ከእርማቱ በኋላም ጎብጦ ነው የወጣው። እንደዚያው ነው የሳልነው።

አሁን ወደ ዳማው። የሌንሱን ቁጥሮች ከሰሌዳ ፎቶ የማውጣት ዘዴ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ማይክሮሶፍት ሪሰርች ውስጥ ይሠራ የነበረው ዠንግዮ ዣንግ ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ከዚያ በፊት ለካሊብሬሽን፣ ማለትም የካሜራውን ጠባይ ለክቶ ለማወቅ፣ ውድና በጥንቃቄ የተሠራ ሦስት ገጽታ ያለው መሣሪያ የተለመደ ነበር። እሱ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ የታተመ ንድፍ ከተለያየ አቅጣጫ ማንሳት እንደሚበቃ አሳየ። ዛሬ በነጻ የሚገኘው ኦፕንሲቪ የሚባል የምስል ፕሮግራም ውስጥ ሥራው ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፤ የካሬዎቹን ማዕዘን ፈልጎ ያገኛል፣ ፎካል ርቀቱን፣ የምስሉን እውነተኛ መሃልና የመጣመሙን ቁጥሮች ያወጣል። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ የሚያውቅ ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል።

ሰሌዳውን ስትሠሩ ግን አትቸኩሉ። እኔ ኤ3 ወረቀት ላይ 10 በ7 ካሬ፣ እያንዳንዱ 30 ሚሊሜትር አድርጌ ነው የማሳትመው። አንዱ ጎን ተጋማሽ ቁጥር፣ ሌላው ጎዶሎ መሆኑ ፕሮግራሙ ሰሌዳው መገልበጥ አለመገልበጡን እንዳያምታታ ይረዳዋል። ማተሚያ ቤት ስትሄዱ «ከገጹ ጋር አመጣጥን» የሚለውን ምርጫ እንዲያጠፉላችሁ ጠይቁ። ከታተመ በኋላ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩት። ሁሉም ካሬ እኩል ትንሽ ቢያንስ የሌንሱን ቁጥሮች አይጎዳም፤ ፕሮግራሙ ሰሌዳው ትንሽ ራቅ ብሎ እንደነበር ነው የሚቆጥረው። በአግድም ተለጥጦ በቁም ካልተለጠጠ ግን ይጎዳል። ከሁሉ የሚብሰው የተንጋደደ ሰሌዳ ነው። ካርቶን ላይ አትለጥፉት፤ በዝናብ ወራት ይንጋደዳል። እኔ መስታወት ቤት ሄጄ 6 ሚሊሜትር መስታወት አስቆርጬ፣ ዳሩን አስሞርጄ፣ እሱ ላይ ኮላ በስሱ ቀብቼ ነው የምለጥፈው። ይከብዳል፤ ግን ጠፍጣፋ ነው።

ካሜራው ላይ ኦቶፎከሱን አጥፉ። የዙሙን ቀለበት 18 ላይ በፕላስተር እሰሩት። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ ነገር ግን ዙሙ ወይም ፎከሱ በተነካ ቁጥር ካሜራው ሌላ ካሜራ ይሆናል፣ ቁጥሮቹም አይሠሩም። ቤቱን የምታነሱት ከ9 ሜትር ከሆነ ፎከሱ 9 ሜትር ላይ ይቆይ። አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ 11 ላይ ካደረጋችሁት በ18 ሚሊሜትር ሌንስ ከ1.3 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። ስለዚህ ሰሌዳውን 1.5 ሜትር ላይ ማንሳት ትችላላችሁ፤ ፎከሱን መንካት አያስፈልግም።

ከዚያ ሰሌዳውን አዘንብሉት። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ አንዳንዱን እስከ 45 ዲግሪ። ካሜራውንም በቁሙ አዙራችሁ አንሱ። ሁሉንም ፊት ለፊት ካነሳችሁት ፕሮግራሙ ሰሌዳው ቀርቦ ይሁን ወይስ ፎካል ርቀቱ ረዝሞ ይሁን መለየት አይችልም። ከዚህ በላይ የምለምናችሁ ደግሞ የፍሬሙን አራት ማዕዘኖች እንዳትረሱ ነው። ሰሌዳውን መሃል ላይ ብቻ አንስቶ መሄድ ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙም አማካይ ስህተቱ ከግማሽ ፒክስል በታች ነው ብሎ ደስ የሚል ቁጥር ይሰጣል። ያ ቁጥር የሚያወራው ሰሌዳው ስለነበረበት ቦታ ብቻ ነው። ማዕዘኑ ላይ ቀመሩ የፈለገበት ይሄዳል። ጣሪያው ደግሞ ያለው እዚያ ነው።

እኔ የምተማመነው በአንድ ፈተና ነው። ቀጥ ያለ የአልሙኒየም ዘንግ ላይ ልክ 2 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ምልክቶች አድርጌ ግድግዳው ዳር ላይ አቆመዋለሁ፣ ፍሬሙ ጥግ እንዲገባ። ቱምቢም አንጠለጥላለሁ። ከእርማቱ በኋላ ዘንጉ 2 ሜትር ካልወጣ፣ የቱምቢው ሲባጎ ቀጥ ካላለ፣ ካሊብሬሽኑን እንደገና እሠራለሁ። ሲባጎን ብራውንም በ1971 ተጠቅሞበታል፤ ቱምቢ የተንጠለጠለበት ክር ከምንም ነገር በላይ ቀጥ ያለ ነውና።

እርማቱ ሲሠራ ሙሉ ፎቶውን ማቃናት ግዴታ አይደለም። ፎቶው ሲቃና ፒክስሎቹ ተለጥጠው እንደገና ይሰላሉ፣ ጥጉ ይለሰልሳል። እኔ በመጀመሪያው ፎቶ ላይ የምፈልጋቸውን ነጥቦች እመርጣለሁ፣ ከዚያ ነጥቦቹን ብቻ አርማለሁ። የተቃናው ፎቶ ለባለቤቶቹ ለማሳየት ጥሩ ነው።

ሌንሱ ታረመ ማለት ልኬቱ አለቀ ማለት አይደለም። ካሜራውን ወደ ላይ ቀና አድርጋችሁ ካነሳችሁ ግድግዳዎቹ ወደ ላይ ይሰበሰባሉ። ይህ የሌንስ ጥፋት አይደለም፤ ምርጥ የተባለው ሌንስም ያደርገዋል። ለዚህ ግድግዳው ላይ በሜትር የለካናቸውን አራት ነጥቦች ይዘን ፎቶውን ፊት ለፊት እንደተነሳ አድርገን እንመልሰዋለን። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ ሌንሱ፣ ከዚያ እይታው። ሲገለበጥ አራቱ ነጥቦች ትክክል ይሆኑና በመካከላቸው ያለው ሁሉ ይጎብጣል።

የአራት ነጥቡ ሥራ የሚያገለግለው ለዚያ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ብቻ ነው። በረንዳው ከግድግዳው 1.5 ሜትር ወጣ ያለ ከሆነ፣ ካሜራው ደግሞ ከግድግዳው 9 ሜትር ላይ ከሆነ፣ የበረንዳው ቋሚዎች 20 በመቶ ያህል ገዝፈው ይታያሉ። 3 ሜትር የሆነው ቋሚ 3.6 ሜትር ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ በረንዳው የራሱ አራት ነጥብ ይፈልጋል፣ ግድግዳውም የራሱን። የድሮ ፎቶ ላይ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ የሰውየውን ቁመት መለኪያ አድርገው ከኋላው ያለውን መስኮት ይለካሉ። ሰውየው ከመስኮቱ ይልቅ ለካሜራው የቀረበ ነው፤ መስኮቱ ከልኩ አንሶ ይወጣል።

ስልክ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አብዛኛው ስልክ ፎቶውን ለእናንተ ከማሳየቱ በፊት በራሱ አርሞታል። የሚቀረው ጥመት ትንሽ ነው፣ ግን ቅርጹ የተዘበራረቀ ሊሆን ይችላል። መንቀጥቀጥ የሚከላከለው ክፍልም ሌንሱን ወይም ሴንሰሩን በያንዳንዱ ፎቶ ትንሽ ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ በስልክ ሚሊሜትር አትጠብቁ። ዋናውን ካሜራ ተጠቀሙ፤ በጣም ሰፊ የሚያየውን ተዉት። ዙም አታድርጉ፣ ፎቶውን አትቁረጡ። ለሰው ስትልኩ ቴሌግራም ላይ በፋይል መልክ ላኩ። በፎቶ መልክ ከተላከ መጠኑ ይቀንሳል፣ ከፎቶው ጋር የተቀመጠው የካሜራ መረጃም ይጠፋል።

ካሜራው ከጠፋስ? ቤቱም ካሜራውም የሌለበት የአልበም ፎቶ ላይ ሰሌዳ ማንሳት አይቻልም። የቀረው ፎቶው ውስጥ ቀጥ መሆናቸው የሚታመንባቸውን ነገሮች መፈለግ ነው። የብረት መስኮት ፍሬም፣ አዲስ የቆርቆሮ ጠርዝ፣ የብረት በር። የኤሌክትሪክ ሽቦ አይሆንም፤ በክብደቱ ይረግባል። የእንጨት ተሸካሚም አይሆንም። አንድ መስመር አይበቃም፤ በተለያየ የፍሬሙ ክፍል የሚያልፉ ብዙ መስመሮች አንድ ላይ ቀጥ የሚሉበትን ኬ1 ነው የምንፈልገው። ከዚያ መለኪያ የሚሆን ነገር ያስፈልጋል። ከፈረሰው ቤት የበሩን መዝጊያ ያስቀመጠ ቤተሰብ አጋጥሞኛል። ያ መዝጊያ በሜትር ሲለካ የግድግዳው ሁሉ ልክ ተገኘ። እባካችሁ አንድ ነገር አስቀሩ። የመስኮት ክፈፍም ይሆናል።

ቤታቸው ገና ቆሞ ላለ ደግሞ ሥራው በጣም ቀላል ነው። ግድግዳው ላይ አራት ነጥብ ምልክት አድርጉ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ሁሉ ሰያፉን ጨምሮ በሜትር ለኩ፣ በወረቀት ጻፉ። ቱምቢ አንጠልጥሉ። በረንዳው ላይም እንዲሁ። ቤቱን ከፊት ብቻ ሳይሆን እየተንቀሳቀሳችሁ አንሱት፣ ፎቶዎቹ እንዲደራረቡ። በዚያው ቅንብር፣ በዚያው ቀን ዳማውን አንሱ። ሂሳቡን ዛሬ ማውጣት የለባችሁም፤ የዳማው ፎቶዎች ካሉ ከዓመታት በኋላም ይወጣል። ያልተነኩትን ፎቶዎች፣ የዳማውን ፎቶዎችና የልኬቱን ወረቀት ቅጂ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፤ ስሙን በሰፈሩና በቀኑ ሰይሙት፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ሌላ ቤት ለሚኖር ዘመድ ስጡ።